የአያቴ ጥለት

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከሸራው ፊት አልተነሣሁም፤ የምሥለው በ1950ዎቹ አንድ ፎቶ ቤት ገብታ የተነሣችውን አያቴን ነው። መዳፍ በማትሞላው ፎቶግራፍ ላይ ስስ ላስቲክ አንጥፌ እኩል አራት ማዕዘኖች አሰመርሁ፤ እነዚያኑ በሸራው ላይ 6 እጥፍ አሳድጌ መልኳን ካሬ በካሬ ገለበጥሁ።

ፊቷ ብዙም አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ የነጠላዋ ጥለት ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀዩንም አረንጓዴውንም ወደ ተቀራራቢ ግራጫ ሊለውጣቸው ስለሚችል ቀለሙን ከፎቶው መለየት አልቻልሁም። እናቴን ደውዬ ብጠይቃት «ቀይ ነበር» አለችኝ፤ አክስቴ ደግሞ «ኧረ አረንጓዴ ነው፣ እኔ አይደለሁ እንዴ የማጥበው!» ብላ ተቆጣች።

ጀርመናዊው ሠዓሊ ጌርሃርድ ሪችተር በጦርነት የሞተውን አጎቱን በ1965 እ.ኤ.አ. ከቤተሰብ ፎቶግራፍ ሲሥል በግራጫ ብቻ ሠርቶ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ በብሩሽ አደብዝዞታል። ይህን ድሮ ከችግር እንደ መሸሽ እቆጥረው ነበር፤ ዛሬ ግን ጥለቱን እኔም በግራጫ ትቼው ወደ እጇ ተሻገርሁ። ፊቷ ተረጋግቶ ሳለ፣ አውራ ጣቷ የነጠላውን ጫፍ ጥፍሯ እስኪነጣ ድረስ ጨብጦታል።