ካዝና ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አዙራችሁ እዩ

ካዝና ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚነካካው የቁጥር መምቻውን ነው። እናንተ አስቀድማችሁ ጀርባውንና መቀመጫውን እዩ። እዚያ ያሉት የቡሎን ቀዳዳዎች ካዝናው መታሰር እንደሚችል ከመንገር አልፈው የላሜራውን እውነተኛ ውፍረት ያሳያሉ። በሩ ሲከፈት ወፍራም የሚመስለው ጠርዝ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ላሜራ ነው፣ ውስጡ ባዶ። ቀዳዳው ላይ ግን ማታለል የለም። የርካሾቹ ገላ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግራይንደር ለያዘ ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሌባ ግን እናንተ ቤት ቁጭ ብሎ መቁረጥ አይፈልግም። ያልታሰረ የ10 ወይም የ15 ኪሎ ሳጥን ብድግ አድርጎ ይሄዳል፤ በድጅኖ የሚፈለቅቀው ሌላ ቦታ ነው። ወርቁን ሰብስባችሁ፣ አሽጋችሁ ጠበቃችሁት ማለት ነው። የአውሮፓው የካዝና ደረጃ ኢኤን 1143-1 ከ1000 ኪሎ በታች ለሆነ ካዝና የማሰሪያ ቀዳዳ ግድ ነው ይላል። ስለዚህ «80 ኪሎ ነው፣ ማን ያነሳዋል?» የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ ፍሪጅ አራተኛ ፎቅ የሚያወጡትን ልጆች አስቡ።

አስተሳሰሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኤም 10 ወይም ኤም 12 (10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) ኤክስፓንሽን ቡሎን፣ ማለትም ሲጠብቅ ጉድጓዱ ውስጥ እየሰፋ የሚይዘውን፣ ቢያንስ ሁለት፣ ቀዳዳው ካለ አራት ተጠቀሙ። አጭር ቡሎን የወለሉን ሴራሚክና ከሥሩ ያለውን የሲሚንቶ ልስን ብቻ ይዞ ይቀራል፣ በአንድ ጉልበት ይነቀላል። ኮንክሪቱ ውስጥ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር መግባት አለበት፤ የልስኑ ውፍረት ሲደመር 10 ወይም 12 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቡሎን ያስፈልጋል። ሴራሚኩን በመስታወትና ሴራሚክ መብሻ፣ የድሪሉን መዶሻ አጥፍታችሁ ብሱ፤ ኮንክሪቱ ሲደረስ መዶሻው ይከፈት። ብናኙን አውጡ፣ አለዚያ ቡሎኑ ይንሸራተታል። ሮንዴላና ዳዶ ከካዝናው ውስጥ በኩል ይጠበቃሉ።

የብዙ ኮንዶሚኒየሞች ወለል በመሃሉ ክፍት ብሎኬት አለው። ድሪሉ ድንገት ወደ ታች ከሰመጠ ባዶው ላይ ናችሁ፤ ቦታ ቀይሩ። የብሎኬት ግድግዳ ላይ ደግሞ ፊሸር (የፕላስቲክ መያዣው) ብቻውን አይታመንም።

ስለ ቁልፉ፦ ሱቁ ውስጥ ዝጉት፣ የተሳሳተ ኮድ ሳይሆን ምንም ኮድ ሳትመቱ እጀታውን እያዞራችሁ ጣሪያውን በቡጢ ምቱ። መቀርቀሪያውን የሚይዘው ትንሽ ፒን በስፕሪንግ ብቻ የቆመ ከሆነ ሲነጥር ይከፈታል። ሻጩ ፊቱን ቢያጨማድድ ግድ የለም። በሞተር የሚሠራ ቁልፍ ላይ ይህ ችግር የለም።

እሳትን የሚቋቋም ካዝና ሌላ ዕቃ ነው። ግድግዳው ውስጥ ጂፕሰም መሰል ውሃ ያዘለ ሙሌት አለ፤ ሲግል እንፋሎት እየለቀቀ ውስጡን ያበርዳል። ላሜራው ስስ ስለሆነ ግን ድጅኖ አይችልም። ዩኤል 350 የተባለው የአሜሪካ የእሳት መቋቋም ደረጃ በተጻፈለት ሰዓት ውስጡ ከ350 ፋራናይት፣ ማለትም ከ177 ሴልሺየስ እንዳያልፍ ነው። ወረቀት ይተርፋል፤ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ግን አይተርፉም፣ ለእነሱ የሚፈለገው ከ52 ሴልሺየስ የማያልፍ ነው። ያው እርጥበት በደህናው ቀን ካርታና ሊብሬን ያሻግታልና ሰነዱን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ሲሊካ ጄል ጨምሩ።

መጠኑን ከውስጥ ለኩ። በውጭ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ በሩና መቀርቀሪያው ቦታ ሲወስዱ 21 በ29.7 የሆነው ኤ4 ሳይታጠፍ ላይተኛ ይችላል።

የባትሪ ድንጋዩ አልካላይን ይሁን፣ በዓመት አንዴ ይቀየር። የመጠባበቂያ ቁልፉን ካዝናው ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አይጠፋም፤ ድንጋዩ ያለቀ ዕለት ግራይንደር ፍለጋ የሚወጣው እሱ ነው። አዲስ ኮድ ስታስገቡ ደግሞ በሩ ክፍት እንዳለ መቀርቀሪያው ሲወጣና ሲገባ እያያችሁ ሦስት ጊዜ ሞክሩ፣ ከዚያ ዝጉ።