አጥር ሥር ከመቆፈሩ በፊት

የዛሬውም ጭቅጭቅ ያው የተለመደው ነው። አንዱ ለመሠረት ይቆፍራል፣ የጎረቤቱ አጥር ይሰነጠቃል፣ የጋራው መግቢያ በአሸዋና በገረገንቲ ይዘጋል።

ቁፋሮው ከአጥሩ መሠረት በታች ከወረደ አፈሩ ድጋፍ ያጣል። በተለይ ጥቁር አፈር ከሆነና ውሃ ከገባበት ግንቡ ተያይዞ ይወርዳል። እባካችሁ ሙሉውን ርዝመት አንዴ አትክፈቱ! በአንድ ጊዜ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ብዙም ሳይበልጥ ቆፍሩ፣ ገንቡ፣ ሲጠነክር ወደሚቀጥለው እለፉ። ክረምት ላይ ደግሞ ባይነካ ይሻላል።

ጎረቤትየውም ሥራው ሳይጀመር የግድግዳውን ስንጥቆች በሙሉ፣ ሜትር አጠገባቸው አድርጎ ፎቶ ያንሳ። «ድሮም የተሰነጠቀ ነበር» ሲባል መልሱ እሱ ነው።

የመግቢያውን ነገር በቃል አትተዉት። አሸዋው የት እንደሚራገፍ፣ በስንት ቀን እንደሚነሳ፣ ለሰውና ለመኪና ምን ያህል ስፋት ክፍት እንደሚቀር ጻፉና ከምስክሮች ጋር ፈርሙ። አልሆን ካለ ለወረዳው ግንባታ ቁጥጥር በጽሑፍ አመልክቱ።

ሽምግልናው ጥሩ ነው፤ ግን ቀን ቁጠሩ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መሠረት «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው ክስ፣ ማለትም በይዞታዬ ላይ የሚደረገው ጣልቃ ገብነት ይቁምልኝ የሚለው፣ ሁከቱ ከተፈጠረ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ተቀባይነት ያጣል። ብዙ ሰው ይሄን የሚሰማው ካለፈበት በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።