የተከመረው አፈር

ሐዋሳ ስገባ መጀመሪያ የምሄደው አሞራ ገደል፣ ዓሣ ፍለጋ ነበር። በዚህኛው ጉዞ ግን ዘመዴ በሚነዳው ሲኖ ትራክ ገቢና ገብቼ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የድንጋይ ካባ ሄድኩ። ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ ስንት ቢያጆ ድንጋይ እንደገባለት ይቆጥራል፤ ድንጋዩ የወጣበትን ጉድጓድ ሄዶ ያየ ግን ጥቂት ነው። እኔም አይቼ አላውቅም ነበር።

ካባው ላይ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች አገኘን። አንዱ ዲጂኖውን ስንጥቁ ውስጥ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። መጀመሪያ አቧራ ቦለል አለ፤ ጣት የማያስገባው ክፍተት ሰፋ፤ ከዚያ ድንጋዩ በጎኑ ተንከባለለ። መነጽር የለውም፤ አቧራውን ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያሳለፈው። አንጀቴን በላው።

ከካባው ጥግ ጥቁር አፈር ተከምሯል። ለምን እንዳልሸጡት ጠየቅሁት።

«አይሸጥም ጋሼ። ከላይ የገፈፍነው ነው፤ ድንጋዩ ሲያልቅ መልሰን እናለብሰዋለን። ውል ፈርመንበታል።»

መቶ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ሌላ ጉድጓድ አለ። ቆፋሪው ድንጋዩን ጨርሶ ሄዷል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ ሥሩ ውሃ አቁሯል፤ አጥር የሚባል ነገር የለውም። አንዲት ልጅ ፍየሎቿን ከአፋፉ ትመልሳለች። ከጉድጓዱ ሥር ጎርፍ የቦረቦረው ቦይ ቁልቁል ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ይወርዳል። ሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ጎርፍ ያወረደው ደለል እዚያው ይቀራል።

የማዕድን አዋጁ፣ ቁጥር 678/2002፣ የግንባታ ማዕድን ለሚያወጣ የአገር ውስጥ ባለሀብት ፈቃድ የሚሰጠው ክልል እንዲሆን ደንግጓል። ባለፈቃዱ የተጎዳው መሬት እንዲያገግም ገንዘብ እንዲመድብም ያዛል። ሲዳማ በ2012 ክልል ከሆነ ወዲህ ኃላፊነቱ ያለው እዚሁ ሐዋሳ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ላልደፈነ ሰው ሁለተኛ ፈቃድ አይሰጠው። ባለሙያው ካባው ድረስ ይሂድ፤ አፈሩ መመለሱን በዓይኑ ይይ። እነዚያ ልጆች አፈራቸውን ሳይሸጡ ሲጠብቁ ጎረቤታቸው ጥሎ ሄዶ ምንም ካልተባለ፣ በውላቸው እስከ መቼ ይጸናሉ?

ጭነን ልንወርድ ስንል ወጣቱ ገቢናው ድረስ መጣ። ድንጋዩ ባለቀበት ጫፍ ላይ ሰኔ ላይ ችግኝ ሊተክሉ ነው። ስልኩን ይዣለሁ፤ ሰኔ ላይ እሄዳለሁ።