«ስሙን በአማርኛ መጻፌ ነው ጥፋቱ?»

ከደሴ ቅርንጫፍ የደወሉልኝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። የላኩት ፋይል ሲስተሙ ላይ አልታይ ብሏቸው ነው። «ልጄ፣ ስሙን በአማርኛ መጻፌ ነው ጥፋቱ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳላመነታ «አዎ፣ እትዬ» አልኋቸው። ያ መልስ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሥራው እንዲህ ነበር። ቅርንጫፎች ገቢ ደብዳቤዎችን ስካን አድርገው ፒዲኤፉን ወደ አማዞን ኤስ 3፣ በኢንተርኔት ወደሚገኝ የፋይል ማከማቻ፣ ይልካሉ። ፋይሉ ባኬቱ (በኤስ 3 ላይ ያለን ማስቀመጫ) ውስጥ እንዳረፈ ላምዳ ፈንክሽናችን፣ አማዞን ላይ በራሱ የሚነሣ አጭር ፕሮግራም፣ ሥራ ይጀምራል፤ አንብቦ ይመዘግበዋል። በሙከራው ጊዜ አንድም ቀን አላስቸገረንም። የሙከራ ፋይሎቹን የሰየምነው ግን እኛው ነን፦ አጭር፣ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ። ቅርንጫፎች መላክ በጀመሩ ዕለት ሎጉ፣ ማለትም የፕሮግራሙ የሥራ መዝገብ፣ በአንድ መልእክት ተሞላ፦ ፈቃድ ተከልክሏል።

እኛም ፈቃድ ላይ ተተክለን ሁለት ቀን ዋልን። የማንበብ ፈቃዱን አገላብጠን አየን፤ ከባኬቱ ስም በኋላ ኮከቧ (በውስጡ ያለውን ፋይል ሁሉ የምትወክለው ምልክት) መኖሯን አረጋገጥን፤ የምስጠራ ቁልፉንም ፈተሽን። ሁሉም በቦታው ነው። በሦስተኛው ቀን የክፍል ኃላፊያችን ያልተነበቡት ፋይሎች በአማርኛ የተሰየሙት መሆናቸውን አዩና ነገሩን በዚያው ዘጉት። «የፋይል ስም በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን» የሚል ደብዳቤ ለቅርንጫፎች ሁሉ ተበተነ። ረቂቁን የጻፍሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ከደሴ እንደገና ተደወለ። «በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፤ አሁንም የለም። የልጅ ልጄን አስጽፌው ነው፤ ፊደሉ ትክክል ነው» አሉኝ። «ፊደሉ ትክክል ነው» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ስንት ዓመት ሙሉ መዝገብ ያደራጁ ሰው በእኛ ስህተት ለራሳቸው ጠበቃ መቆማቸው አንጀቴን በላው።

ፋይሉን ፈለግሁት። ባኬቱ ውስጥ ቁጭ ብሏል፦ ሁለት ቃል፣ በመካከላቸው ክፍት ቦታ። ሎጉ ላይ ግን በክፍት ቦታው ፈንታ የመደመር ምልክት አለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ኤስ 3 አዲስ ፋይል መምጣቱን ለላምዳ ሲያስታውቅ የፋይሉን ስም እንደ ድረ ገጽ አድራሻ ቀይሮ ይልከዋል። ክፍት ቦታ መደመር ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 ስልት ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ እያንዳንዱ ባይትም በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይወጣዋል፤ «ደብዳቤ» የሚለው ቃል ብቻውን 36 ምልክት ነው። ኮዳችን ይህንን ሳይፈታ እንዳለ ይዞ ይሄድና የሌለ ፋይል ይጠይቃል። አማርኛው ምንም አላጠፋም።

ታዲያ «ፋይሉ የለም» ለምን አልተባልንም? ፈንክሽኑ የማንበብ ፈቃድ እንጂ የባኬቱን ዝርዝር የማየት ፈቃድ አልነበረውም። ዝርዝሩን ማየት ላልተፈቀደለት ጠያቂ ኤስ 3 ፋይሉ ይኑር አይኑር አይናገርም፤ 404 (የለም) በማለት ፈንታ 403 (ፈቃድ ተከልክሏል) ብሎ ይመልሳል። የሰው ዕቃ የሚጠብቅ እንዲህ መጠንቀቅ አለበት። በአማዞን ሰነድ ላይም በግልጽ ሰፍሯል። ሦስት ሰዎች ሁለት ቀን ስንደክም ያንን ገጽ የከፈተ ግን አልነበረም።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፦ ፋይሉን ከመጠየቅ በፊት ስሙን ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለዚሁ የተዘጋጀ ትእዛዝ አለው። ኮዱን አስተካክዬ የቆዩትን ፋይሎች እንደገና ሳስነብብ «የጥር ወር ገቢ ደብዳቤዎች» ከነስሙ ተመዘገበ።

ወዲያው ደሴ ደወልሁ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኛ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከእንግዲህ በአማርኛ ይጻፉ» አልኋቸው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ልጄ። ግን በደብዳቤ የታዘዝኩትን በስልክ አልሽርም። የሚሽረውን ደብዳቤ ላክልኝና እፋይለዋለሁ።»

መሻሪያውን በዚያው ቀን አርቅቄ ለኃላፊያችን አቀረብሁ። «ሲስተሙ ከሠራ ምን አስጨነቀህ?» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አስታወስኋቸው፤ አልፈረሙበትም። ከደሴ የሚመጣው ፋይል እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ ነው የሚሰየመው።