ገለፈቱን ሳልቆጥር የጠመቅኩት የስንዴ ቢራ
ቤቴ ውስጥ የስንዴ ቢራ ሦስት ጊዜ ጠምቄ ሦስቱም ጊዜ ሰምሮልኝ ነበር። ግማሽ የስንዴ ብቅል፣ ግማሽ የገብስ ብቅል፣ ጥቂት ሆፕ (እንደ ጌሾ መራራነት የሚሰጥ አበባ)፣ የስንዴ ቢራ እርሾ፤ በቃ። አራተኛው ላይ ልዩ ልዩ እህል ልሞክር ብዬ ተነሳሁ። ሙሉ ቀን ፈጅቶብኝ በእጄ የቀረው ምላስ የሚያደርቅ 13 ሊትር ቢራ ነው። አስቀድሞ "ገለፈቱን ቁጠር" የሚለኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ያ ሁሉ እህል አይባክንም ነበር።

ለ20 ሊትር 5 ኪሎ እህል መዘንኩ። 2.5 ኪሎው የስንዴ ብቅል ነው፤ በጀርመን አንድ ቢራ የስንዴ ቢራ ለመባል ቢያንስ ግማሹ የስንዴ ብቅል መሆን ስላለበት ከዚያ መውረድ አልፈለግሁም። በዚያ ላይ ቅመም ቅመም እንዲል 1 ኪሎ የራይ (ስንዴ መሰል እህል ነው) ብቅል፣ የዳቦ ቅርፊት ጠረን እንዲሰጠው 750 ግራም ሙኒክ የሚባለው የገብስ ብቅል፣ እንዲለሰልስ 500 ግራም የተዳመጠ አጃ፣ ለቀለሙ ደግሞ 250 ግራም የካራሜል ስንዴ ብቅል። የእያንዳንዱን ድርሻ አስልቻለሁ፤ ቀለሙን አስልቻለሁ፤ የስኳሩን መጠን አስልቻለሁ። በወረቀቱ ላይ አንድም ስህተት አልነበረም።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት ወፍጮው ላይ ነው። የምከተለው መመሪያ "የስንዴ ፍሬ ትንሽና ጠንካራ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ይፈጭ" ይላል። እኔም ታዛዥ ሆኜ ሁሉንም አንድ ላይ ሁለት ጊዜ አሳለፍኩት። እጄን ስሰድበት ግማሹ ዱቄት ሆኗል። ብቅል ይከካል እንጂ አይፈጭም። ይህን እያወቅሁ "መመሪያው ብሏል" ብዬ ማለፌ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ድፍድፉን በ67 ዲግሪ አንድ ሰዓት አቆየሁት፤ ይህ ያለ ችግር አለፈ። ከዚያ የማጥለያውን ቧንቧ ከፈትኩ፤ ያውም እስከ መጨረሻው። ሁለት ሊትር ያህል ፈጥኖ ወረደ። ቀጥሎ እንደ ክር ቀጠነ፣ ከዚያ ጠብ ጠብ አለ፣ ከዚያ ቆመ። ክዳኑን ሳነሳ ጣፋጩ ጭማቂ ከላይ አቁሮ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ያለው እህል ግን ግራጫ፣ የሚያብረቀርቅ ሊጥ ሆኗል። ማንኪያ ሰክቼ ሳወጣው ጉድጓዱ ወዲያው አልተደፈነም፤ እንደ ጭቃ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ገብስ ሲወቃ ገለፈቱ ከፍሬው ጋር ይቀራል፤ ድፍድፉ ሲጠልል ወንፊት የሚሆነው ያ ገለፈት ነው። ስንዴና ራይ ግን ሲወቁ ራቁታቸውን ይወጣሉ፤ የተዳመጠውም አጃ አስቀድሞ ተፈልፍሏል። እንግዲህ የእኔን 5 ኪሎ ደምሩት፦ 2.5 ስንዴ፣ 1 ራይ፣ ግማሽ ኪሎ አጃ፣ ሩብ ኪሎ ካራሜል ስንዴ። 4.25 ኪሎ፣ ማለትም 85 በመቶው፣ ገለፈት የለውም። ያለችኝ ወንፊት 750 ግራም ሙኒክ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ሁለት ጊዜ ፈጭቻታለሁ! በዚያ ላይ ራይና አጃ ቤታ ግሉካን በሚባል ሙጫ የተሞሉ ናቸው፤ ራይ ደግሞ ፔንቶሳን የሚባል ሌላም ይጨምርበታል። መመሪያው "ራይ እስከ 20 በመቶ ችግር የለውም" ይላል። የተቀረው እህል ገብስ ከሆነ እውነት ነው። የተቀረው ስንዴና አጃ ሲሆን ግን ምን እንደሚከተል አንዲት መስመር አልጻፈም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ ነገሩን አባባሰው። "የእህሉ ንጣፍ ከተደላደለ በኋላ በፍጹም አይነካ" ስለሚል አንድ ሰዓት ሙሉ ሳልነካው ጠበቅሁ። ድፍድፉ በዚያ ሰዓት ቀዘቀዘ፤ በቀዘቀዘ ቁጥር ደግሞ ሙጫው ይወፍራል። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና የፈላ ውሃ ደጋግሜ ከለበስኩበት፤ ከዚያም ጨርቅ ውስጥ እያደረግሁ በእጄ ጨመቅሁት። ጭማቂው እየሳሳ ሲሄድ ከ77 ዲግሪ ያለፈ ውሃ ማፍሰስ ከእህሉ ታኒን የሚባለውን ምላስ የሚያደርቅ ነገር ያወጣል። እኔ ያፈሰስኩት የፈላውን ነው።

አፈላሁት፣ ሆፑን ጨመርኩ፣ አቀዝቅዤ እርሾውን በ18 ዲግሪ አስቀመጥኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ስከፍት የስንዴ ቢራ መለያ የሆኑት ሙዙም ቅርንፉዱም ሸተቱኝ። ደስ አለኝ። ጎንጨት ሳደርገው ግን ቅጠሉ ሳይወጣለት እንዳደረ ሻይ ምላሴን ጨብጦ ያዘው። ይሻለው ይሆናል ብዬ ሁለት ወር ጠበቅሁ፤ አልተሻለውም። የስንዴ ቢራ ትኩስ ሲጠጣ ነው የሚጥመው፤ በመጠበቅ ያተረፍኩት ያንኑም መዓዛ ማጣት ነው።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ስንዴውን ለብቻው አንድ ጊዜ፣ ወፍጮውን ትንሽ ጠበብ አድርጌ እከካለሁ፤ ገብሱን ሰፋ አድርጌ። ለ5 ኪሎ እህል 400 ግራም የታጠበ የሩዝ ገለፈት ከድፍድፉ ጋር አደባልቃለሁ፤ ጣዕምም ስኳርም አይጨምርም፣ ውሃውን ብቻ ያሳልፋል። መመሪያዎች የዛሬ ብቅል በዝቅተኛ ሙቀት መቆየት አያስፈልገውም ይላሉ። ለገብስ ብቅል ልክ ናቸው፤ ራይና አጃ ካለበት ግን በ45 ዲግሪ 20 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ሙጫው ይሰበራል፤ የቅርንፉድ ጠረን የሚወጣበት ፌሩሊክ አሲድም የሚለቀቀው እዚያው ሙቀት አካባቢ ነው። ከማጥለሌ በፊት ድፍድፉን ወደ 76 ዲግሪ አደርሰዋለሁ። ከቆመ ደግሞ ይነካ! ቧንቧው ተዘግቶ ንጣፉ በረጅም ቢላዋ ይቆረጥ፣ በጎማ ከሥር ሙቅ ውሃ ይግባበት፣ አሥር ደቂቃ ይረፍ።

አዲስ እህል ስገዛም መጀመሪያ 50 ግራሙን ከክቼ በሙቅ ውሃ ግማሽ ሰዓት ነክሬ እቀምሰዋለሁ። ካራሜል ስንዴውን የተውኩት በዚህ መንገድ ነው፤ ሆፑ ትንሽ በሆነ ቢራ ውስጥ ጣፋጭነቱ ቶሎ ይሰለቻል።

ባለፈው ራዩን ወደ 500 ግራም አውርጄ፣ የጎደለውን በገብስ ብቅል ሞልቼ እንደገና ጠመቅሁ። ቧንቧውን በክር ቅጥነት ከፈትኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። አልቆመም። በ50 ደቂቃ ሁሉም ወረደ፤ መዳብ የመሰለ፣ የዳቦ ቅርፊት የሚሸት። ያንን ቢራ ለሰው ስቀዳ በኩራት ነው። ለሚቀጥለው 100 ግራም ቸኮሌት ስንዴ (እስኪጠቁር የተቆላ የስንዴ ብቅል) መዝኜ አስቀምጫለሁ። እሱም ገለፈት የለውም፤ ቆጥሬዋለሁ።