ውኃ አጋር

ጌታ ይባረክ። ይህን ምስክርነት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ልናገረው ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ሁለቴም ሳግ ያዘኝና ተቀመጥኩ። ስለዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ጉዴን ላውጣ። ያን ጊዜ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር። እናቴ ስትታመም ጅማ ያሉ ወዳጆቻችን በሙሉ ጾሙ፣ ጸለዩ። እኔም ሦስት ቀን እህል ውኃ አልቀመስኩም። አረፈች። ከቀብር መልስ ጓዳ ገብቼ «አንተ አትሰማም» አልኩት፣ ድምፄን አውጥቼ። እሑድ እሑድ ግን መሄዴን አልተውኩም። መዘምራን ውስጥ ቆሜ እዘምራለሁ። አልጸልይም። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

የካቲት 2011 ላይ አብራኝ የምትዘምር ጓደኛዬና ታናሽ ወንድሟ «ነይ ተራራ እንውጣ፣ አየር ትቀይሪያለሽ» አሉኝ። ማይጉዶን ነው ያሉት። በኦሞ ናዳ በኩል ያለ፣ ከ3000 ሜትር በላይ የሚሆን ተራራ ነው። አምስት ቀን በእግር፣ ሌሊት በድንኳን። ከጅማ በሚኒባስ በአሰንዳቦ አድርገን ናዳ ገባን። እዚያ ትኩስ ቂጣ ጠቅልላ «ልጆቼ፣ ይርባችኋል» ያለችንን እናት ጌታ ይባርክልኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ የቀረን ስንቅ ያ ቂጣ ነበር።

ሁለቱን ቀን የመራን የአገሬው ልጅ ነው። ውኃ ሳያይ ድንኳን አያስተክልም። «መጀመሪያ ውኃ፣ ሜዳውን ከዚያ እንፈልጋለን» ይላል። የከብት ዱካ ከየአቅጣጫው መጥቶ አንድ ቦታ ሲገናኝ ያሳየናል፤ ከሥሩ ምንጭ አለ። የደረቀ ወንዝ ውስጥ አትተኙ፣ ላይ ከዘነበ ሌሊት ይወስዳችኋል ይላል። ከምንጩም ራቅ ያስደርገናል፣ ከብትም ሰውም የሚጠጣው ነውና። እኛ ምን አደረግን? ሦስተኛው ቀን ጠዋት ገንዘብ ለመቆጠብ አሰናበትነው። «መንገዱማ ገብቶናል» አልነው። ልጁ ዝም ብሎ አየን። ይቅር ይበለን።

ስልኬ ላይ ካርታ አውርጃለሁ። ሰማያዊ መስመር ያሳያል፣ ጅረት ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ደረስንበት። ድንጋይና አቧራ። የካቲት ነዋ! «ቀጣዩ ይኖረዋል» ብለን ሄድን። እሱም ደረቅ። ጀንበር ስትጠልቅ ጉም መጣና ሸንተረሩ ላይ ያዘን። ያገኘነው ሜዳ እሱ ብቻ ስለነበር እዚያው ተከልን።

የቀረን ውኃ በአንድ ሃይላንድ ሩብ ያህል ነበር።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጓደኛዬ ማስመለስ ጀመረች። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስንወጣ ድርሻዋን ለወንድሟ ስትሰጥ እንደዋለች ያኔ ነው የነገረን። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። በክዳን እየለካሁ አጠጣታለሁ፣ ትመልሰዋለች። ወንድሟ ወጥቶ «ቢሻን! ቢሻን!» እያለ ይጮኻል፣ በኦሮምኛ ውኃ ማለት ነው። ነፋሱ ድምፁን ይወስደዋል። የሚመልስለት ጅብ ብቻ ነው። ኔትወርክ የለም። በስልክ መብራት ልውረድ አለ፤ ገደሉን ቀን አይተነዋልና እጁን ይዤ አስቀረሁት።

ቦርሳዬን ዘረገፍኩት። ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ሦስት ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር። አንዱ በአንድ ሊትር ውኃ ይበጠበጣል። አንድ ጠርሙስ ውኃ አጋር፣ ውኃ ማከሚያው። አንድ ክዳን ለአንድ ጀሪካን። የውኃ መድኃኒት ሞልቶናል፤ ውኃ የለንም። እዚያ ጨለማ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ደግ ሳቅ አልነበረም።

«ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» የሚለው ሳልጠራው መጣብኝ። ተናደድኩ። ተራራው ላይ ነኝ እኮ፣ ወዴት ነው የማነሣው?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ጓደኛዬ መናገር አቃታት። ቆይታ «ጸልዪልኝ» አለችኝ። እንደማልጸልይ አታውቅም። እጇን ያዝኩ፣ በረዶ ነው። ሁለት ዓመት ከቆየሁ በኋላ የጸለይኩት ጸሎት ይኸው፣ አልከልሰውም፦ «እናቴን ወሰድክብኝ። ይህቺን አልሰጥህም። ውኃ አምጣ።» አሜን እንኳን አላልኩም።

ምንም አልሆነም። ዝናብ አልመጣም። ብርድ ልብሱን ደርቤባት ትንፋሿን እየቆጠርኩ ተቀመጥኩ።

11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ነፋሱ ቆመ። ቀጥ አለ። እናም ከታች፣ ከጉሙ ሥር፣ የሰው ድምፅ መጣ። አዛን ነው። ድምፅ ማጉያ የለውም፣ ሽማግሌ በባዶ አፋቸው ነው የሚሉት። ጅማ ተወልዶ ያደገ ሰው አዛን ሰምቶ ነው የሚነቃው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ለእኔ የእንቅልፌ ማብቂያ ነበር እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም። ወንድሟ ግን ብድግ አለ። «መስጊድ ካለ ውዱእ አለ» አለኝ፣ ከሶላት በፊት የሚታጠቡትን ማለቱ ነው። «ውዱእ ካለ ውኃ አለ!»

ወገግ ሲል ድምፁ በመጣበት አቅጣጫ እየተንሸራተተ ወረደ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ጀሪካን ተሸክሞ ተመለሰ፣ ከኋላው አንድ አባት በትራቸውን ይዘው። «አካም ቡልተን?» አሉን፣ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው። መመለስ አቅቶኝ አለቀስኩ።

ምንጩ ከድንኳናችን 300 እርምጃ ያህል ታች ነበር። ማታ በላዩ አልፈናል። የአጋርን ታሪክ ታውቃላችሁ፣ ልጇ በጥም ሊሞትባት ቁጥቋጦ ሥር ጥላው ስታለቅስ። እግዚአብሔር አዲስ ጉድጓድ አልቆፈረላትም፣ ዓይኗን ነው የከፈተላት። እኔን በጆሮዬ መጣ፣ ያውም በማልጠብቀው አፍ። ይህን ስናገር ፊታቸው የሚጠቁር ወገኖች አሉ። የሆነው ግን ይህ ነው፣ ላሳምረው አልችልም።

ሕይወት አድኑን በጥብጠን በማንኪያ በማንኪያ አጠጣናት። ረፋድ ላይ ሽንቷ መጣ። ሽንት ብዬ መመስከሬን አትሳቁብኝ፣ የዚያን ቀን ሃሌ ሉያ ያልኩበት ነገር እሱ ነው። እኒያ አባት ቤታቸው ወሰዱን። ባለቤታቸው ውኃ አፍልተው፣ ቡና በጨው አጠጡን። ብር ስንሰጥ ተቆጡን።

እናቴን ለምን እንደወሰዳት እስከ ዛሬ አልነገረኝም። አሁን ግን እጠይቀዋለሁ፤ አላኮርፍም።

አምና ስኳርና ሳሙና ይዘን ሦስታችንም ተመልሰን ሄድን። አባባ አርጅተዋል። ጓደኛዬን ትኩር ብለው አይተው «ዘንድሮስ ድንኳናችሁን የት ተከላችሁ?» አሉን።

«እርስዎ ደጃፍ» አልናቸው።