በአይሱዙ አድረን፣ በሞተር ሮጠን፣ እናታችን ተረፈችልን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ቸሩ እግዚአብሔር በሰማዕቱ በሕፃኑ ቅዱስ ቂርቆስ አማላጅነት ለእናቴ ያደረገላትን ለመመስከር ተስዬ ነበርና፣ ወገኖቼ ይህን ጽሑፍ የስለቴ አንድ ክፍል አድርጋችሁ ተቀበሉልኝ።

እናታችን የምትኖረው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ነው። በክረምቱ መግቢያ ተቅማጥ ይዟት ከዳነች በኋላ እግሮቿ ይደነዝዟት ጀመር፤ ድካሙ ወደ ወገቧ ወጣ፣ ቀጥሎም እጆቿ ኩባያ ማንሳት አቃታቸው። ታላቅ ወንድሜ በሚነዳው አይሱዙ ጋቢና ውስጥ አጋድሞ ሌሊቱን ይዟት መጣ። መሃል ከተማ ባለ ሆስፒታል የመረመሯት ሐኪም፣ ሕመሙ ጊላን ባሬ እንደሚባል፣ የሰውነት መከላከያ ስቶ የገዛ ነርቮቹን እንደሚያጠቃ፣ ድካሙም የመተንፈሻ ጡንቻዎች ላይ ከደረሰ በመሣሪያ መተንፈስ ግድ እንደሚሆን አስረዱን።

እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሌሊት ከሆስፒታል ቢደወል ከዚያ ተነሥቶ በጊዜ መድረስ የማይታሰብ ነበር፤ የአልጋ ኪራይም ከመድኃኒቱ ወጪ ጋር ተደምሮ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ አይሱዙዋን ለገሃር አካባቢ ጥበቃ ባለው ግቢ አቁመን፣ የጭነቱን ቦታ በሸራ ሸፍነን፣ ፍራሽ ዘርግተን በዚያው ማደር ጀመርን። የጭነት መኪና ቀን ቀን በመሃል ከተማ እንደልብ ስለማይንቀሳቀስ አይሱዙዋ ማደሪያችን ብቻ ሆነች፤ የቀኑን ሩጫ ሁሉ የተሸከመችው እኔ ምግብ የማደርስባት 100 ሲሲ ቦክሰር ሞተር ናት። ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. በሞተር ሳይክሎች ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ ያለ ፈቃድ መንዳት አይቻልም፤ የእኔዋ በሥራዬ ምክንያት ፈቃድ ያላት መሆኗን አስቀድሞ የተዘጋጀልን ቸርነት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ማታ ማታ ሞተሯ ከሌባ እንድትጠበቅ በሳንቃ ላይ አውጥተን አይሱዙዋ ላይ እንጭናታለን። ከመቶ ኪሎ በላይ ስለምትመዝን ወንድሜ ከላይ መሪዋን ይዞ ይስባል፣ እኔ ከኋላ እገፋለሁ። የቤንዚን መዝጊያዋን ዘግተን፣ ከስፖንዳው ጋር በገመድ ጠፍረን፣ ሸራው ክፍት በሆነበት በኩል እናቆማታለን፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛልና ከሚተኛ ሰው ራስጌ መራቅ አለበት። እንደ እኛ በመኪና ላይ የምታድሩ አስታማሚዎች ብርዱ ቢጠናባችሁም ከሰል ወይም ሻማ ሸራ ውስጥ እንዳታስገቡ አደራ እላለሁ።

ለእናቴ የታዘዘው መድኃኒት ኢሚውኖግሎቡሊን ይባላል፤ ከብዙ ለጋሾች ደም ተጣርቶ የሚዘጋጅ ነው። ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 0.4 ግራም ለ5 ቀናት ይሰጣል። እናቴ 50 ኪሎ ናትና በቀን 20 ግራም፣ በጠቅላላው 100 ግራም፣ ማለትም ባለ 5 ግራሙ 20 ብልቃጥ ያስፈልጋት ነበር፤ ያውም ሕመሙ በጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል። ገንዘቡን ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ሞላልን፤ መድኃኒቱ ግን ገንዘብ ተይዞም የሚገኝ አልሆነም። ስታዲየም፣ ሜክሲኮ፣ ልደታ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ፒያሳ ባሉት መድኃኒት ቤቶች ሁሉ ስልክ ቁጥሬን እየተውሁ ዞርሁ።

ሐምሌ 19 ቀን የእናቴ ድምፅ ሰለለ፤ ውኃ ሲሰጧትም ያስላት ጀመር። ዕለቱ ቅዱስ ገብርኤል ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ቅድስት ኢየሉጣን ከፈላው ውኃ ያወጣበት በዓል ነው። ሞተሬን ይዤ ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ፤ ሕዝቡ አጥሩን ሞልቶት ስለነበር ከበሩ ውጭ በዝናብ ቆሜ፣ «አንተ ሕፃን ሳለህ የፈራችውን እናትህን ያጸናህ፣ የእኔንም እናት አስባት» ብዬ አለቀስሁ። ዣንጥላ አገባለሁ፣ ተአምሩንም እመሰክራለሁ ብዬ ተሳልሁ።

ወደ ሞተሬ ስመለስ ስልኬ ጠራ። ፒያሳ ቁጥሬን የተውሁላት ፋርማሲስት ነበረች፤ የመጀመሪያውን ቀን የሚሸፍን 4 ብልቃጥ እንደገባላትና ከመዝጋቷ በፊት እንድደርስ ነገረችኝ። ሰዓቱ የሥራ መውጫ ነበር፤ ከለገሃር ጀምሮ ቸርችል ጎዳና በመኪና ተዘግቶ ቆሟል። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሽ ሞተር ዳገት ላይ ጉልበት ያንሳታል፤ የእኔዋም በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች በመኪኖቹ መካከል ወጣች። በታክሲ ቢሆን ኖሮ መድኃኒት ቤቱ ተዘግቶ እንደሚጠብቀኝ ጥርጥር የለኝም።

መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት፤ በረዶ ከሆነ ግን ይበላሻል። ፋርማሲስቷ የበረዶ ከረጢቶች ሰጠችኝ፤ እኔም ይዤው የነበረውን የእናቴን ነጠላ አጥፌ በበረዶውና በብልቃጦቹ መካከል አደረግሁት፤ ምግብ የማደርስበት ሳጥንም ልኩ ሆነ። ቁልቁለቱን ስወርድ አንድ ሚኒባስ ድንገት ከፊቴ ገባ፤ የኋላ ጎማዬ በእርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራተተ። «ገብርኤል!» ስል ሞተሯ ቀጥ ብላ ቆመች። እኔም ሳጥኑም አልወደቅንም።

መድኃኒቱ በዚያው ምሽት ተጀመረላት። ሌሎቹም ብልቃጦች አንዱ ቀን ሳያልቅ የሚቀጥለው እየተገኘ፣ አንዳንዱ ከልደታ፣ አንዳንዱ ከሜክሲኮ በዚያችው ሳጥን እየመጣ፣ አምስቱ ቀን ሳይቋረጥ ተሞላ። የፈራነው የመተንፈሻ መሣሪያ አላስፈለጋትም። መጀመሪያ ድምፅዋ ጠራ፤ ከዚያ አንድ ማለዳ ስገባ ለማማተብ ቀኝ እጇን እስከ ግንባሯ አንሥታ አገኘኋት፤ ወንድሜ ይህን ሲያይ አልጋው ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ።

ዣንጥላውን አስገብተናል። እናታችን አሁን ደብረ ብርሃን ናት፤ በምርኩዝ ከቤት እስከ በር ትራመዳለች፤ ነርቭ ለመዳን ወራት እንደሚፈልግ ሐኪሞቹ ነግረውናል። ለሚመጣው ሐምሌ 19 በእግሯ ቆማ እንድታስቀድስ ወለተ ሚካኤል እያላችሁ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።